ቆቦን ያስለቀሱት የታሂር እግሮች

ታሂር ቆቦ ውስጥ የማይወደድበት ቤት አልነበረም፤ ይህ ግን ቴሌፎን ከመምጣቱ በፊት ነው። ያን ጊዜ ሥራው ሠርግ መጥራት ነበር። ደጋሹ የተጠሪዎቹን ስም አንድ ጊዜ ይነግረዋል፤ እሱ ደግሞ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ያለውን አገር በሁለት ቀን አዳርሶ፣ እስላሙን በአላህ ክርስቲያኑን በማርያም ብሎ ጠርቶ ይመለሳል። ስም አይረሳም፤ ቤት አይስትም። የተኳረፉ ወንድማማቾች ካሉ ለእያንዳንዳቸው «ያለ አንተ እህል አይቀርብም ተብሏል» ብሎ ሁለቱንም አንድ ዳስ ውስጥ ይከታቸዋል። በሩቅ ሲያዩት ልጆች «ታሂር መጣ!» ብለው ይሮጣሉ፤ ሴቶች እርጎ በቅል ይዘው ይወጣሉ። የማሽላ እሸት የደረሰ ጊዜ ከሆነማ ሳይጠበስለት የሚያልፈው ደጅ የለም።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ቴሌፎን ቆቦ ገባ። ቧንቧ ሳይገባ፣ ሐኪም ሳይገባ፣ ሴቶቹ እንስራ አዝለው ወንዝ እየተመላለሱ፣ ቴሌፎን ገባ። የምረቃው ዕለት አንድ ባለሥልጣን በመኪና መጥቶ፣ ሕዝቡን ጠራራ ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ «ከእንግዲህ ሩቅ የሚባል ነገር የለም» እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። አጭር ማውራት የሚያስተምር ዕቃ ሊመርቅ መጥቶ ሁለት ሰዓት! ሩቁ ከቀረበ የሩቁ መከራም አብሮ እንደሚቀርብ ግን ትንፍሽ አላለም። ሕዝቡም አጨበጨበ። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ቶሎ እንዲያልቅለት ያጨበጭባል።

በየቤቱ ቴሌፎን የለም። ያለው አንድ ነው፤ እሱም አውራ ጎዳናው ዳር፣ አንዲት ባለ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። ደሴ ያለ ሰው ቆቦ ያለውን ዘመዱን ማነጋገር ሲፈልግ እዚያው ያስመዘግባል፤ የቆቦው ቴሌፎኒስት ደሳለኝ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ለእገሌ፣ ከደሴ፣ በዚህ ሰዓት ቴሌፎን ቤት ይገኙ» ብሎ ይጽፋል፤ ወረቀቱን አንድ ሰው እቤት ድረስ ያደርሳል። አገሩን ሁሉ ደጅ በደጅ የሚያውቅ ማን ነው? ታሂር። የካኪ ኮት አለበሱት፤ ባርኔጣ ደፉለት፤ የቆዳ ቦርሳ አስነገቱት። እሱም ከሠርግ ጥሪ ወደ መንግሥት ጥሪ አደግሁ ብሎ ደስ አለው።

የመጀመሪያው ወረቀት ለወይዘሮ ሸዋዬ ነበር፤ አስመራ ያለው ወንድሟ ሞቷል። ሁለተኛው ለአንድ ሸማኔ ነበር፤ አባቱ ሞቷል። ሦስተኛውም ሞት ነበር። ይህ የታሂር ጥፋት አይደለም፤ የሽቦውም አይደለም። ደሴ ላይ ግማሽ ቀን ተራ ጠብቆ የሚደውል ሰው ምን አስቸኩሎት ነው? ልጅ የተወለደለት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሹመት ያገኘ ዝም ብሎ ይበላል። የሚቸኩል ሞት ብቻ ነው።

ደግሞ መርዶ ወግ አለው። ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገር፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የቅርብ ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ፣ አንዱ «ትንሽ አሞት ነበር» ብሎ ከሩቅ ጀምሮ ነው። ቴሌፎን ይህን ወግ ከየት ይወቀው? በጠራራ ፀሐይ፣ እጁ ሊጥ የነካ ሰው ፊት፣ ቁራጭ ወረቀት ይጥላል። የቆቦ ሕዝብ ሞኝ አይደለምና አንድ ዘዴ አበጀ፤ ሞቱ ላይቀር ቢያንስ በወግ ይለቀስ አለ። ከዚያ ወዲህ ታሂር ቦርሳውን ከመክፈቱ በፊት ልቅሶ ተጀምሮ ይቆየዋል። ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል።

ይህ እስከዚህ ድረስ ይገባል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሚያናድድ ነው።

አለሙ የሚባል ገበሬ ከማማው ላይ ሆኖ ወንጭፍ እየወነጨፈ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ የካኪ ኮት በሩቅ አየ። ወንጭፉን ጥሎ፣ ከማማው ዘሎ፣ ማሽላው ውስጥ ገባ። የራያ ማሽላ በቅሎ ከነጋላቢዋ ይውጣል።

«አለሙ! ኧረ ውጣ! ወረቀት ነው!» አለ ታሂር።

«አልወጣም!» አለ ማሽላው።

«ሰው በቴሌፎን ይፈልግሃል!»

«ካልሰማሁ አልሞተም!»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተፋጠጡ። የጥሪው ሰዓት አለፈ። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ለካ የአለሙ ልጅ የመኪና ሹፌር ሆኖ ተቀጥሮ ብሥራቱን በገዛ ድምፁ ሊያሰማ ኖሯል። አለሙ ደብዳቤው ሲነበብለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አያችሁ?» አለ፤ «ያን ቀን ስላልወጣሁ ነው የተረፈው።» ይህ ምክር አገሩን አዳረሰና በወሩ ውስጥ ታሂር ከሰው ይልቅ ከማሽላ ጋር የሚነጋገር ሆነ።

ምን ያላደረገው አለ? ፈገግ እያለ ሄደ፤ «ሞቶብን ይስቃል!» ተባለ። እርጥብ ሣር ይዞ ሄደ፤ «ለመቃብሩ ነው» ተባለ። ከሩቅ «ኸይር ነው! ኸይር ነው!» እያለ ጮኸ፤ «ኸይር ከሆነ ምን አስጮኸው?» ብለው ባሰባቸው። ካኪውን አውልቆ በነጠላ ብቻ ቢመጣ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ልቅሶ ተለቀሰ፤ «ምን ያህል ቢከብድ ነው ተደብቆ የመጣው!» አሉ።

ሰው የፈራውን ካሰበ በኋላ ዓይኑም ጆሮውም የሐሳቡ አሽከር ነው። እርጎ ይዛ ትቀበለው የነበረች ሴት ውሻ ትፈታበት ጀመር። የሠርግ ጥሪውን ሌላ ሰው ወሰደው። ይባስ ብሎ ደጋሾች ሊጠሩት ሳይሆን ሊለምኑት ይመጣሉ። «ታሂር ወንድሜ፣ ድርሻህን እቤትህ እንልክልሃለን። አንተ ብቻ አትምጣ።» እሱም ቀስ በቀስ አንገቱን መድፋት፣ በጓሮ መሄድ፣ ሰው ቤት ሳይደርስ መሳል አመጣ። የካኪ ኮት የሰውን ጠባይ እንዲህ ይለውጣል፤ የለባሹንም፣ የሚያየውንም።

ያልለቀሰች አንዲት ሰው ነበረች። ሙሚና የእህል ነጋዴው የአሊ ልጅ ናት፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። አንድ ቀን የጎረቤታቸው ሰዎች ወረቀት ደርሷቸው ሲጮኹ፣ ሙሚና አጥር ተሻግራ መጥታ ታሂርን «እስቲ አሳየኝ» አለችው። ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች። «‹ይገኙ› ነው የሚለው። ‹ሞተ› የሚለው የት ነው ያለው?» ያን ያህል ሰው ሲያለቅስ ወረቀቱን ላንብበው ያለ ከእሷ በቀር አንድ ሰው አልተገኘም! ታሂር እዚያው ቆሞ፣ የተዘረጋ እጁን መመለስ ረስቶ፣ ወደዳት። ሽማግሌ እስኪልክ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ አስፋው። አሊ ልጁን ሲጠየቅ አልከፋውም፤ የሙሚና እናት ሲቲ ግን ከጓዳ ሆና ጮኸች። «ልጄን ለመርዶ አልድርም! እሱ የገባበት ቤት ድንኳን ይከተለዋል!»

አሊ ተጨነቀ። የተጨነቀ አባት ሁሉ የሚለውን አለ። «ደሴ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሐጂ አህመድ ሳይመክርበት አልናገርም። የእሱ ቃል ቃሌ ነው።» ደብዳቤውን አሊ እየነገራት የጻፈችው ራሷ ሙሚና ናት። ለሽማግሌዎቹ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ተቆረጠ።

የቀጠሮው ዕለት ረፋድ ላይ ታሂር ፈቃድ ወስዶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ቴሌፎን ቤቱ ደጃፍ የሽማግሌዎቹን መመለስ ሲጠባበቅ ደሳለኝ በመስኮት ጠራው።

«ወረቀት አለ።»

«ዛሬ ፈቃድ ነኝ አላልሁህም? ሽማግሌዎቼ እኮ አሁን አሊ ቤት ተቀምጠዋል።»

«አውቃለሁ። የምትሄደውም እዚያው ነው።»

ታሂር ተቀብሎ አነበበ። «ለአቶ አሊ፣ ከደሴ፣ በስድስት ሰዓት ይገኙ።»

«ደሳለኝ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ነገ ብለህ ጻፈው።»

«የደወሉት ሐጂ አህመድ ናቸው። ከማለዳ ጀምሮ ደሴ ላይ ተሰልፈዋል። ወንድሜ ቀረብኝ ብለው ቢቀየሙ ማን ይጎዳል፣ አንተ ወይስ እኔ?»

ነገሩ ይህ ነበር። ወረቀቱን ካደረሰ ሲቲ ትጮኻለች፤ ጋብቻው ይፈርሳል። ካላደረሰ ሐጂ ይቀየማሉ፤ መልሳቸውም፣ ሊናገሩት የፈለጉት እሱ ከሆነ፣ እንደተቀየመ ሰው መልስ ይሆናል። ታሂር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጠፈው፤ ሁለት ጊዜ ዘረጋው። ሊውጠውም አስቦ ነበር። በመጨረሻ ካኪውን ነጩ ልብሱ ላይ ደረበና ሄደ። የሰው አደራ በእጁ ቀርቶ አያውቅም።

አሊ ግቢ፣ ግራሩ ጥላ ሥር፣ ጋሽ አስፋው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመው ነበር። ንግግራቸው ጣፍጧል። ሲቲ እንኳ ከጓዳ ወጥታ ማዳመጥ ጀምራለች። «እናንተ ሰዎች» ይላሉ፣ «ወሬ አትስሙ! የዚህ ልጅ እግር በረካ ነው። በገባበት ቤት ሳቅና ጨዋታ ነው የሚገባው። እስቲ አሁን ቢመጣ...»

መጣ።

ሲቲ ቦርሳውን አየች። መቀነቷን አጠበቀች። «ዋይ! ዋይ! ዋይ!»

«ኧረ ሐጂ ናቸው የሚደውሉት! ራሳቸው፣ በደህና!» አለ ታሂር።

«እሱ ከደወለማ እናቴ ናት!» አለ አሊ፤ እናቱ ደሴ ከሐጂ ዘንድ ነው የምትኖረው። «እናቴን! የኔ እናት!» ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ወይዘሮ ሸዋዬ የዚያኔውን ወንድሟን አዲስ አድርጋ አነሣችው፤ አለሙ ሹፌር ልጁን እያነሣ አለቀሰ፤ ሁሉም የገዛ ሥጋቱን አውጥቶ አለቀሰ። ጋሽ አስፋውም መጀመሪያ «ኧረ ተዉ» ሲሉ ቆይተው፣ ንግግራቸው መበላሸቱ ትዝ ሲላቸው፣ ከልባቸው አለቀሱ።

ሙሚና ብቻ ወረቀቱን አነበበች። «‹ይገኙ› ነው የሚለው» አለች። «አባባ፣ ይነሡ፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።»

አሊን ደግፈው ሲወስዱት አርባ ሰው ተከተለ። ከአርባው ክፍሏ የቻለችው አሊን፣ ሙሚናንና ታሂርን ነበር፤ ሌላው መስኮትና ደጃፍ ላይ ተደራረበ። ደሳለኝ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ እጀታውን ለአሊ አቀበለው። «ሦስት ደቂቃ ናት» አለ። «ይናገሩ።»

አሊ እጀታውን አፉ ላይ ገጠመና ሆዱ ውስጥ ያለችውን ሁሉ አወጣት። «እናቴን! ወንድሜ፣ እናቴን!»

ሐጂ አህመድ በዚያ ጫፍ ደነገጡ። እናታቸውን ጠዋት እቤት ትተው ከወጡ ጀምሮ እዚያው ሰልፍ ላይ ናቸው። ቆቦ የሰማውን እሳቸው አልሰሙም ማለት ነው! «እናቴን?» ሲሉ ድምፃቸው ከእጀታው አልፎ ክፍሉን ሞላው። «መቼ? ጠዋት እርጎ ስትጠጣ ነው የተውኋት! ለእናንተ ማን ነገራችሁ? ዋይ እናቴን!»

«አላልኋችሁም!» አለ አሊ ወደ መስኮቱ ዞሮ። «እሱም አረጋገጠልኝ!»

ደጃፉ ላይ ልቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። ሁለት ጢማም ወንድማማቾች፣ አንዱ ሌላውን መርዶ ነጋሪ አድርጎ፣ በመንግሥት ሽቦ ላይ ተላቀሱ። ያ ባለሥልጣን ሩቅ ቀርቷል ያለው ይህን ከሆነ እውነቱን ነው።

«ሁለት ደቂቃ አለቀ!» አለ ደሳለኝ።

ሙሚና የአባቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጀታው ላይ ፈታቻቸው። «አብዬ ሐጂ! እኔ ሙሚና ነኝ! ማንም አልሞተ! ወላሂ ማንም አልሞተ! የደወሉበትን ጉዳይ ይንገሩኝ!»

አዳመጠች። ታሂር እሷን ማየት አቅቶት ደሳለኝን አየ። መስመሩ ተቋረጠ። እጀታውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፤ መጎናጸፊያዋን አስተካከለች።

«አያቴ ደህና ናት» አለች። «አብዬ ሐጂም ደህና ናቸው። ‹ልጅቷን ለታሂር ስጡ፤ እሺ ብያለሁ› አሉ።»

ታሂር የደሳለኝ አፍ ቀስ ብሎ ሲከፈት አየ። ጆሮው ላይ ያ ማዳመጫ እንደተደፋ ነበር።

«እንዲያ አለ?» አለ አሊ ዓይኑን እየጠረገ። «ደሳለኝ፣ አንተም ሰምተሃል፤ እንዲያ አለ?»

ደሳለኝ ሙሚናን አየ፤ ታሂርን አየ፤ አፉን ገጠመ። «እኔ በመስመር ላይ የሰማሁትን ላላወጣ ምዬ ነው ሥራ የገባሁት።»

«ምን ትጠይቀዋለህ?» አሉ ጋሽ አስፋው በመስኮት። «በቴሌፎን ነው እኮ የተናገረው!»

እልል ተባለ። ዋይ ሲሉ የነበሩት እነዚያው ሴቶች፣ እነዚያው መቀነቶች፣ እንባው ከጉንጫቸው ሳይደርቅ እልል! ከሁሉ አብልጣ እልል ያለችው ሲቲ ናት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ታሂር በአጥር በኩል ሙሚናን አገኛት።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አሉ?»

«‹ዘመዶቹን አጠያይቄ እስክነግራችሁ ቆዩ› አሉ።»

«ታዲያስ?»

«ሦስት ሳምንት ቆየን እኮ» አለች ሙሚና። «ከዚህ በላይ ምን እንቆይ?»

በሦስተኛው ቀን ሐጂ አህመድ ከአውቶቡስ ወረዱ። ያን ዕለት እቤታቸው ሮጠው ሲደርሱ እናታቸው ስንዴ ስትለቅም አግኝተው፣ ከደስታቸው በላይ ተናደው ነው የመጡት። አሊ ግቢ ሲገቡ በግ እየተገፈፈ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ያልኸውን ልንፈጽም ነዋ፤ ሙሚናን ለታሂር» አለ አሊ።

«እኔ ‹ቆዩ› ነው ያልሁት!»

ሙሚና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያን ጊዜ ማን ቢናገር ጥሩ ነው? ሲቲ! እንባዋንም እልልታዋንም በአንድ ቀን ያፈሰሰች ሴት ከእንግዲህ የት ትመለስ? «ኧረ ሐጂ! ‹ስጡ› ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ድምፅዎ እስከ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር!» አለች ወይዘሮ ሸዋዬ።

«‹ስጡ፤ እሺ ብያለሁ›፤ ልክ በዚህ ቃል!» አለ አለሙ። አንዳቸውም ከ‹እናቴን› ልቅሶ በቀር ምንም አልሰሙም። ግን አይዋሹም ነበር፤ በእውነት የሰሙ መስሏቸዋል። በአርባ ሰው ፊት የተነገረን ነገር አርባው ሰው ሰምቶታል ማለት ነው!

«እርስዎ እያለቀሱ ነበር» አሉ ጋሽ አስፋው በለሰለሰ ድምፅ። «ሰው በልቅሶ መካከል ያለውን ሁሉ አያስታውስም።»

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። «እያለቀስሁማ ነበር...» አሉ። ምሳ ሲቀርብ «ብዬ ይሆናል እኮ» አሉ። ከምሳ በኋላ «ብያለሁ» አሉ። የዐስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ሰዎች ከበዋቸው፣ መጀመሪያ እንዴት እንዳሰቡበት፣ ከዚያ እንዴት ኮስተር ብለው «ስጡ» እንዳሉ ያወሩ ነበር። «ልጁን ሳላየው ነው በድምፅ ብቻ የፈረድሁት» ይላሉ፤ በማን ድምፅ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ታሂር ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። እንጀራ አልበላ አለው። የተሰጠውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አድርሶ የኖረ ሰው፣ የገዛ ሠርጉን ሐሰት ላይ ሊተክለው ነው። ሙሚና በዓይኗ «ተው» አለችው። አልተወም። ሐጂ ብቻቸውን እጃቸውን ሲታጠቡ ጠብቆ ቀረበ።

«አብዬ ሐጂ፣ አንድ ነገር አለ። ያን ቀን በቴሌፎኑ... እርስዎ ‹ስጡ› አላሉም። ‹ቆዩ› ነው ያሉት። ሙሚና...»

ሐጂ አህመድ እርጥብ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። ፊታቸው ተቆጣ።

«አንተ ልጅ፣ ገና ሳትገባ ልትቆጣጠረኝ ነው?» አሉ። «የደወልሁት እኔ! የተናገርሁት እኔ! ደሴ ላይ ግማሽ ቀን ፀሐይ የመታኝ እኔ! ‹ስጡ› ብያለሁ፤ ብያለሁ ነው!»

«ግን አብዬ...»

«አርፈህ አግባ!»